ውሃ የነካት ፊደል

በአንድ ወቅት አቶ ዘርጋው ወልደየስ የሚባሉ የአዳማ ሰው በሃምሳ ስምንት ዓመታቸው ግማሽ ጡረታ ለመውጣት ወሰኑ። «ግማሽ ጡረታ» የሚለው አነጋገር የራሳቸው ነው። ዓመቱን ለሁለት ይከፍሉታል፤ ግማሹን የጭነት መኪና ስምሪት ቢሯቸው ውስጥ ይሠራሉ፣ ግማሹን ባሕር ዳር ይቀመጣሉ። ጎረቤቶቻቸው ይህን ሲሰሙ ጣና ዳር ያለችው ከተማ መሰለቻቸው። እሳቸው ግን የሚያወሩት ስለ ጨው ውሃ ነበር። በወጣትነታቸው አሰብ ወደብ ላይ ጭነት ተቆጣጣሪ ነበሩ፤ ከዚያ ከወጡ ወዲህ ሠላሳ ዓመት ያህል ባሕር አላዩም።

የገዙት ቤት ከኬንያ ጠረፍ ማዶ ባለች ትንሽ ደሴት ላይ ነው። በደሴቷ መኪና የለም፤ ዕቃ በአህያ ይጓጓዛል። ቤቱ ከባሕር ድንጋይ የተሠራ፣ ባለ አንድ ፎቅ፣ ግድግዳው ከክንድ በላይ የሚወፍር ነው። የምድር ቤቱ ክፍሎች አንዱ ከአንዱ ጀርባ ተደርድረዋል፤ ከሁሉም ጀርባ መስኮት የሌላት አንዲት ጠባብ ክፍል አለች። የአቶ ዘርጋው ዕቅድ ቀላል ነበር። ከኅዳር እስከ መጋቢት ባሕሩ ሲረጋ ቤቱ ለእንግዶች ይከራያል፤ ኪራዩም መጦሪያ ይሆናል። ከግንቦት እስከ መስከረም ነፋሱ ሲበረታ እንግዳ ስለማይመጣ እሳቸው ይኖሩበታል። ጥሩውን ወራት ለሰው ሰጥተው መጥፎውን ለራሳቸው አስቀሩ ማለት ነው።

ይህ ቤት ያለ ሦስት ሰዎች የሚገኝ አልነበረም።

የመጀመሪያዋ፣ ሚስታቸው ወይዘሮ አሰገደች ናቸው። ለግዥው የሚሆን ገንዘብ ከስምሪት ቢሮ ሊገኝ ስለማይችል፣ ከአባታቸው የወረሱትን፣ የተወለዱበትንና ልጅ የቀበሩበትን ዓመት ያሳለፉበትን የአዳማ ቤት ሸጡ። ገዢው በሩን ሲረከብ እሳቸው ከውስጥ ያወጡት የአባታቸውን ፎቶግራፍና አንድ የልብስ ሣጥን ብቻ ነው። ባልና ሚስቱ ሁለት ክፍል ተከራዩ። ወይዘሮ አሰገደች ባሕር አይተው አያውቁም፤ ለማየትም አልቸኮሉም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ።

«ቤት ሽጬ ነው ቤት የምገዛው። በስሜ ይሁን።»

«እሺ» አሉ አቶ ዘርጋው።

ሁለተኛው ታናሽ ወንድማቸው ደምሰው ነው። ደምሰው ናይሮቢ ሃያ ሁለት ዓመት ኖሮ ዜግነት ያገኘ የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ ነበር። የውጭ አገር ሰው በዚያ ጠረፍ ላይ መሬት የሚይዘው በሊዝ ብቻ ስለሆነ፣ ወንድማማቾቹ ተመካክረው ውሉን በደምሰው ስም አደረጉት። ነገሩ በዚህ አላበቃም። ጣሪያው ግማሹ ወድቆ ነበርና ደምሰው ሱቁን ዘግቶ ደሴቷ ላይ ገባ። ከሠራተኞቹ ጋር ኖራ አቦካ፣ ግንድ ተሸከመ። በሁለተኛው ክረምት ከእንጨት መወጣጫ ላይ ወድቆ ዳሌው ተሰበረ፤ ዛሬም ግራ እግሩን ይጎትታል። ሐኪም ቤት ተኝቶ ሳለ ታላቁን ጠየቀ።

«ጋሼ፣ እኔ ከእንግዲህ ሱቅ የለኝም። የማረጀው እዚያው ነው። ቤቱ የኔም መሆኑን አትረሳም?»

«እሺ» አሉ አቶ ዘርጋው።

ሦስተኛዋ ሻጯ ናቸው። ቢ ዙሌካ ይባላሉ። «ቢ» ደሴቷ ላይ ለትልቅ ሴት የሚሰጥ መጠሪያ ነው፤ እኛ እማማ እንደምንለው። ቤቱ ከቅድመ አያታቸው ጀምሮ የእናት ቤት ነበር። ወንዶች ልጆቻቸው ባሕር ተሻግረው ቀርተዋል፤ ጣሪያ የሚጠግን ሰው አልነበራቸውም። ስለዚህ ሸጡ፤ ከቤቱ ጀርባ ካለው ማጀት ከሚያህል የእህት ልጅ ቤት ተጠጉ። ከመፈረማቸው በፊት ግን ገዢውን እጃቸውን ይዘው ወደዚያች መስኮት አልባ ክፍል አስገቧቸው። የሚተረጉመው ደምሰው ነበር።

«እናቴ ስትሞት የታጠበችው እዚህ ነው። ልጄም እዚህ። ይቺን ክፍል አታከራያት፤ ሰው አታስተኛባት። የኔ ቀን ሲደርስ በሩን ክፈትልኝ።»

«እሺ» አሉ አቶ ዘርጋው።

አሮጊቷ ምን እንዳሉ ጠየቁ። ደምሰው «እሺ አለ፤ ‹አዎ› ማለት ነው» ብሎ ተረጎመ። ቢ ዙሌካ ቃሏን ሁለት ሦስቴ በአፋቸው አዟዟሯት። ከአማርኛ የሚያውቁት ቃል እስከ ዛሬ እሷን ብቻ ነው።

አቶ ዘርጋው እምቢ ማለት የማይችሉ ሰው እንደነበሩ የሚያውቋቸው ሁሉ ይመሰክራሉ። በሁለተኛው ዓመት ደምሰው ከዳሌው ድኖ ሲመለስ «አንድ መታጠቢያ ያለው ባለ ሦስት መኝታ ቤት የሚከራይ የለም፤ የጀርባዋን ክፍል ሻወር እናድርጋት» አላቸው። ለዚህም መልሳቸው እሺ ነበር። ወለሉ ሴራሚክ ለበሰ፣ ጣሪያው ላይ የውሃ ታንከር ተሰቀለ፣ ቧንቧ ገባ። ቢ ዙሌካ ከጀርባ የመዶሻውን ድምፅ ሰሙ።

በዚያው ዓመት ነው ነገሩ የጀመረው።

ቀትር ላይ፣ ስድስት ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ከዚያች ክፍል ውሃ ሲፈስ ይሰማ ጀመር። ከቧንቧ እንደሚወርድ ውሃ ሳይሆን ከዕቃ እንደሚደፋ። አንድ ጊዜ፤ ፋታ። ሁለተኛ፤ ፋታ። ሦስተኛ። ከዚያ ጸጥ ይላል። ከናይሮቢ የመጡ ባልና ሚስት ሳምንት ሊቆዩ ተከራይተው በሁለተኛው ቀን ወጡ። የእንግዶች መዝገብ ላይ እንዲህ ጽፈዋል፦ «ቤቱ በጣም ያምራል። ባለቤቶቹ ግን ቀትር ላይ መታጠቢያችንን ባይጠቀሙ ጥሩ ነው።» በዚያ ሰዓት ቤቱ ውስጥ ከእንግዶቹ በቀር ማንም አልነበረም።

የቧንቧ ሠራተኛ ተጠራ። ታንከሩ ቀትር ላይ ስለሚግል ቧንቧው ይለጠጣል፣ ቫልቩም ይተነፍሳል አለ። ምክንያቱ አሳማኝ ነው። ቧንቧው ሁለት ጊዜ ተቀየረ። በሦስተኛው ዓመት ታንከሩን ባዶ አድርገው አንድ ቀን አዋሉት። በዚያ ቀን ቤት ውስጥ የነበሩ ሦስት ሰዎች ውሃው እንደተደፋ ተናግረዋል። የቧንቧ ሠራተኛው አልሰማሁም ብሏል፤ እሱ ግን ከደጅ ቆሞ ነበር።

አዳማም ቢሆን ቀትር ክፉ ሰዓት ነው ይባላል፤ ልጅ ከቤት አይወጣም፣ ከወራጅ ውሃ አጠገብ አይቆምም። አቶ ዘርጋው እንዲህ ያለውን ወሬ የሚያምኑ ሰው አልነበሩም። ቢሆንም በአምስተኛው ክረምት ሰዓቱ ሲደርስ ወንበር ይዘው ከክፍሏ በር ፊት መቀመጥ ልማድ አደረጉ። ደምሰው አንድ ቀን የተባባሉትን ያስታውሳል።

«ጋሼ፣ ምሳው ቀዘቀዘ እኮ።»

«ቆይ፤ ሦስተኛውን አላፈሰሱም።»

«እነማን?»

«እኔን ትጠይቀኛለህ? ቤቱ በስምህ ነው።»

ደምሰው ሳቀ። አቶ ዘርጋው ግን አልሳቁም። ሌላ ቀን ደግሞ አቶ ዘርጋው ከወንበሩ ሲነሡ «ዛሬም አጠቡ» አሉ። ማንን እንዳጠቡ ሲጠየቁ «ገና አልገለጡልኝም» ብለው ወደ ምሳው ሄዱ። በደንብ በሉ።

ሐምሌ አሥራ አንድ ቀን ደምሰው ዓሣ ሊገዛ ወጥቶ ሲመለስ ወንበሩ ባዶ ነበር። የክፍሏ በር ተከፍቷል። አቶ ዘርጋው ወለሉ ላይ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተኝተዋል፤ ትንፋሽ የለም። ወለሉ እርጥብ ነው። እስክሪብቶው ከጣታቸው ወጥቶ ከበሩ ሥር ተገኘ፤ እጃቸው ያረፈው በእንግዶች መዝገብ ላይ ነበር።

ባሕሩ በዚያ ሳምንት ተናውጦ ጀልባ ሁሉ ታስሮ ነበር። ማዶ ወዳለው ከተማ ሬሳ ማሻገር አልተቻለም፤ ሙቀቱ ደግሞ እስከ ማግሥቱ እንኳ አያቆይም። ደምሰው ወለሉ ላይ ተቀምጦ ሳለ ቢ ዙሌካ በምርኩዝ ገቡ። ብብታቸው ሥር ነጭ ጨርቅ ይዘዋል። ለራሳቸው መገነዣ ብለው ከሃያ ዓመት በላይ በሣጥን ያስቀመጡት ነው።

«አውጣው» አሉት በቋንቋቸው፣ በምርኩዛቸው ወደ ሻወሩ እየጠቆሙ።

ደምሰው መዶሻ አንሥቶ የመታጠቢያውን ገንዳና ቧንቧውን ነቀለ፤ ከግድግዳው የሚወጣውን ቆርጦ ደፈነ። አሮጊቷ ከጓሮው ጉድጓድ ውሃ አስቀድተው እስከ በሩ አመጡ፤ ገብተው ግን አላጠቡም፤ በደሴቷ ልማድ ሬሳ ሦስት ጊዜ ውሃ ይፈስበታል፣ ወንድን የሚያጥበውም ወንድ ነው። ደምሰው ወንድሙን ብቻውን አጠበ። በቢ ዙሌካ ጨርቅ ገነዘው። ካህን አልነበረም፤ አቡነ ዘበሰማያትን እስከሚያስታውሰው ድረስ ደገመ። ደሴቷ ላይ የክርስቲያን መቃብር ስለሌለ አሮጊቷ ከጓሮው ጥግ፣ ከአንድ የማንጎ ዛፍ አጠገብ ቦታውን በምርኩዛቸው ጫሩ። ያ ጓሮ ከቤቱ ጋር የተሸጠ ነው። ሆኖም በዚያ ሰዓት የፈቀዱት እሳቸው ነበሩ።

ሁሉም ካለቀ በኋላ ቢ ዙሌካ ደምሰውን ቀና ብለው አዩት። ስለ ተሰበረው ቃል አልተናገሩም። በጥያቄ ድምፅ አንዲት ቃል ብቻ አሉ።

«እሺ?»

«እሺ» አለ ደምሰው።

ወይዘሮ አሰገደች በሰባተኛው ቀን ደረሱ። ጀልባው ላይ ሁለቴ አስታወካቸው። ከወረዱ በኋላ ዞር ብለው የተሻገሩትን ውሃ ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ።

«ይሄ ነው?»

«ይሄ ነው፣ እትዬ» አለ ደምሰው።

«ብዙ ነው። አንድ ሰው ይሄን ሁሉ ምን ያደርግለታል?»

መቃብሩ ላይ አለቀሱ። ማታውኑ መዝገቡን ጠየቁ። የመጨረሻው ገጽ ላይ በባላቸው እጅ የተጻፈው አንድ መስመር ይህ ነው፦ «እኔ ከሞትኩ ቤቱን ለባለቤ»። ከዚያ አንድ ፊደል አለ። የወለሉ ውሃ ገጹን ከታች ስለነካው ፊደሏ ተበላሽታለች፤ ራሷና እግሯ በጭንቅ ይለያሉ፣ ከወገቧ በቀኝና ከሥሯ ያለው ሰማያዊ እድፍ ነው። ከእሷ በኋላ ምንም የለም።

ወይዘሮ አሰገደች ያነበቡት «ለባለቤቴ» ብለው ነው። ደምሰው ያነበበው «ለባለቤቱ» ብሎ ነው።

ክርክሩ እስከ አርባው ቆየ። ለተዝካሩ ከናይሮቢ አንድ መሪጌታ መጡ፤ ልሳነወርቅ ይባላሉ። በወጣትነታቸው ቁም ጸሐፊ ነበሩ፤ ብራና ፍቀው፣ ቀለም በጥብጠው መጽሐፍ የሚጽፉ። ፊደል ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ አይገኝም ተብሎ መዝገቡ ቀረበላቸው። በደጃፉ የድንጋይ መደብ ላይ ተቀመጡ። ወይዘሮ አሰገደች በቀኝ፣ ደምሰው በግራ ሆኑ። ቢ ዙሌካ ከሰሞኑ ታመው ስለነበር የእህታቸው ልጅና አንድ ጎረቤት በወንበር ተሸክመው አመጧቸው። ማንም አልጠራቸውም ነበር።

መሪጌታ መነጽራቸውን አውልቀው ገጹን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ።

«‹ተ› ናት፤ ራሷና እግሯ አለ። ምልክቷ ያለበትን ቦታ ነው ውሃ የበላው። ከወገቧ በቀኝ ወጥቶ ከነበረ ‹ቱ› ናት። ከእግሯ ቀለበት ከነበራት ‹ቴ› ናት። ከእግሯ ሥር አግድም ጭረት ከነበረ ‹ቷ› ናት።»

«‹ቷ› ደግሞ ከየት መጣች?» አሉ ወይዘሮ አሰገደች።

«እኔ አላመጣኋትም፣ እመቤቴ። ፊደል ገበታው ላይ አለች።»

ደምሰው ለአሮጊቷ ተረጎመላቸው። ቢ ዙሌካ በእጃቸው ደረታቸውን ነካ አድርገው አንድ ነገር ተናገሩ።

«ምን አለች?» አሉ ወይዘሮ አሰገደች።

«‹ለባለቤቷ› ከሆነ የክፍሏ ባለቤት እኔ ነኝ ትላለች።»

«ይሄ እሷ ያለችው ነው ወይስ አንተ ያልከው?»

«እትዬ፣ እኔ ብሆን ‹ቱ› እላለሁ እንጂ ‹ቷ› ምን ይጠቅመኛል?»

መደቡ ላይ የነበሩት ፈገግ አሉ። መሪጌታ አልጨረሱም ነበር።

«ሌላም አለ። ግስ የለውም። ‹ስጡ› ሊል ይችላል። ‹አትስጡ›ም ሊል ይችላል። አማርኛ ነገሩን የሚፈጽመው በመጨረሻ ነው፤ ሰውየው እዚያ አልደረሰም።»

ከዚያ ሦስቱም፣ ቢ ዙሌካ በአስተርጓሚ፣ «ስጡ» ሊል ነው ብለው ተስማሙ። የተስማሙበት ነገር ይህ ብቻ ነው።

መሪጌታ እያንዳንዳቸውን ጠየቁ።

ወይዘሮ አሰገደች እንዲህ አሉ፦ «ሰላሳ አንድ ዓመት ‹ባለቤቴ› ሲል የኖረው እኔን ነው። ሰው ሲያስተዋውቅ ‹ባለቤቴ›፣ ስልክ ሲያነሣ ‹ባለቤቴን ላቅርብልህ›። ሊሞት ሲል ቋንቋ ይለውጣል? የአባቴን ቤት ሸጬ የተከራየሁትን ሁለት ክፍል አከራዬ ለልጇ ፈልጋዋለች፤ እስከ መስከረም ልቀቂ ብላኛለች። እዚህ አልኖርም፤ ይሄ ውሃ ያስፈራኛል። ሸጬው አዳማ ጣሪያ እገዛበታለሁ።»

«መቃብሩስ?» አሉ መሪጌታ።

«አፅሙን ይዤ እሄዳለሁ። ሕግ ሲፈቅድ።»

ደምሰው እንዲህ አለ፦ «‹ባለቤቴ› ሊል ቢፈልግ ስሟን ይጽፍ ነበር፤ ጋሼ ጭነት ተቆጣጣሪ ነው፣ ስም ሳይጽፍ ዕቃ አሳልፎ አያውቅም። ‹ለባለቤቱ› ያለው ወረቀቱ ላይ ያለውን ሰው ነው። የሞቱ ሰሞን ራሱ ‹ቤቱ በስምህ ነው› ብሎኛል። ቀልድ ነበር ልትሉ ትችላላችሁ። ዳሌዬ ግን ቀልድ አይደለም። የእነዚህን ግድግዳዎች እያንዳንዱን ድንጋይ አውቀዋለሁ። ወንድሜን ያጠብኩት እኔ ነኝ። ቤቱን ካልሰጣችሁኝ የምሄድበት የለም፤ ከሰጣችሁኝ ለእትዬ ከኪራዩ እየቆረጥኩ እልካለሁ፤ መቃብሩንም እጠብቃለሁ።»

«እሺ ብለህ ነው የምትልክልኝ» አሉ ወይዘሮ አሰገደች። «የእናንተን ቤት እሺ አውቀዋለሁ።»

ቢ ዙሌካ በደሴቷ አነጋገር የተናገሩትን የተረጎመችው የእህታቸው ልጅ ናት፤ በናይሮቢው ስዋሂሊ ለመሪጌታ፣ መሪጌታ ደግሞ በአማርኛ ለቀሩት። ደምሰው ዝም እንዲል ወይዘሮ አሰገደች ጠይቀው ነበር።

«የሸጥኩት ግድግዳውን ነው። ክፍሏን አልሸጥኩም፤ አደራ ሰጠሁ። የዚያን ሰው እሺ ጠብቄ ሦስት ዓመት ውሃ ሲፈስ ሰማሁ። ልጄ ናት የምትታጠበው፤ ክፍሏ ቧንቧ ገብቶባት፣ የሰው ሳሙና ገብቶባት፣ ንጹሕ አልሆን ብላት። እሱም ይህን አውቆ ነው የጻፈው። ቤት የለኝም፤ መገነዣም የለኝም፤ በእሱ ላይ ነው። ቀኔ ቀርቧል። ቤቱን ካገኘሁ ለእህቴ ልጅ አወርሰዋለሁ፤ እሷ በሩን ለማን እንደምትከፍት ታውቃለች። ካላገኘሁ ማን ይከፍትልኛል? የሚሸጠው ሰው? የሚያከራየው ሰው?»

«እኔ እከፍትልሻለሁ፣ እማማ» አለ ደምሰው ሳይጠየቅ።

አሮጊቷ አላመኑትም ወይም አልሰሙትም። ዓይናቸው በሩ ላይ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ መጻፍ ያለበት ነገር አለ። ቧንቧው ከተቆረጠ አርባ ቀን ሆኖታል። ታንከሩ ከጣሪያው ወርዶ ጓሮ ተቀምጧል። ይህን ያየ ሁሉ ሊያረጋግጥ ይችላል። ወይዘሮ አሰገደች ከመጡ ጀምሮ የተኙት ከዚያች ክፍል ቀጥሎ ባለው ነው። ከመሪጌታ ጋር ሲነጋገሩ ሰዓቱ ስድስት ተኩል ደርሶ ነበር፤ በንግግራቸው መሐል ድንገት እጃቸውን አንሥተው ሁሉንም ዝም አሰኙ። በመደቡ ላይ ስድስት ሰዎች ነበሩ። አራቱ ከውስጥ ውሃ ሲደፋ መስማታቸውን ይናገራሉ። አንድ ጊዜ፤ ፋታ። ሁለተኛ፤ ፋታ። ሦስተኛውን ግን ማንም አልሰማም።

«ቧንቧ ነው» አለ ደምሰው ከልማዱ የተነሣ። ከዚያ የቆረጠውን ቧንቧ አስታወሰ።

«ልጄ ናት» አሉ ቢ ዙሌካ።

«ዘርጋው ነው» አሉ ወይዘሮ አሰገደች በቀስታ። «ሦስተኛውን እየጠበቀ ነው።»

መሪጌታ መዝገቡን ዘጉ። እኔ ጸሐፊ እንጂ ዳኛ አይደለሁም ብለው፣ የተበላሸችውን ፊደል መጠገን እችላለሁ፤ ቀለሜም ብዕሬም ይዤዋለሁ፤ ሦስታችሁ ተስማሙና አንዷን ንገሩኝ፣ እጽፋታለሁ አሉ። አልተስማሙም። በማግሥቱ መሪጌታ በመጀመሪያው ጀልባ ሄዱ።

አሁን ያለው ሁኔታ ይህ ነው። ወይዘሮ አሰገደች ወደ ፎቁ ተዛውረዋል፤ የአዳማው ቀጠሮ ሊደርስ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ደምሰው ምድር ቤት ነው፤ በኅዳር የሚመጡትን እንግዶች ቀጠሮ መያዝ ይኑርበት አይኑርበት አያውቅም። ቢ ዙሌካ ከጀርባ ባለው ቤት ተኝተዋል፤ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ እህል አልቀመሱም። የእህታቸው ልጅ በየማለዳው ወደ ትልቁ ቤት መጥታ «በሩን ማን ይከፍትልናል?» ብላ ትጠይቃለች፤ ወይዘሮ አሰገደች ደምሰውን ያያሉ፣ ደምሰው ወይዘሮ አሰገደችን ያያል። የጀርባዋ ክፍል ቁልፍ በትልቁ በር ጀርባ ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል። ከሦስቱ አንዳቸውም አላነሡትም።

መዝገቡ ክፍት ነው፤ ፊደሏ ራስና እግር አላት፣ ምልክት የላትም። ቤቷን ሰጥታ ቤት አልባ የሆነችው፣ አካሉን ሰጥቶ ግድግዳውን ያቆመው፣ ወይስ መገነዣዋን ሰጥታ የምትታጠብበትን የምትጠብቀው፤ ብዕሩ በእናንተ እጅ ቢሆን «ለባለቤ» ብሎ ለቆመው ሰው የትኛዋን ፊደል ትጨርሱለታላችሁ?